ፈረሱ ይኸው፤ ሜዳው የት አለ?



በመኝታ ቤቶቻችን፣ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ፣ ከዚያም አልፎ በመምህራን ክበብ ውስጥ አንድ ክርክር ከተነሣ ሰንብቷል። ክርክሩ ይህ ነው። በ1954 ዓ.ም. ያፍሪቃን ዋንጫ ለኢትዮጵያ ካስገኙት ወጣቶች አንዱ የነበረው መንግሥቱ ወርቁ ይበልጣል? ወይስ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ለኢትዮጵያ ቡና ተሰልፎ 29 ጐል ያገባው አቡበከር ናስር? ሁለቱም በየጊዜያቸው ሃያዎቹን ገና የጀመሩ ልጆች ነበሩ። ማለት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎች ጋር እኩዮች ነበሩ።

ብዙው ሰው ክርክሩን እንደ ዋዛ ያልፈዋል። እኛ፣ ከአዊ ምድር ከአዘና ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች፣ እንደ ዋዛ ልናልፈው አልወደድንም። ስለ ኳስ የሚመስለው ነገር ስለ ኳስ ብቻ አይደለምና። አንዱ ትውልድ ሌላውን ትውልድ የሚመታበት ዱላ ሆኗል። ስለዚህ አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገራለን። የሁለት ዘመን ልጆችን ማወዳደር ነውር አይደለም። ነውሩ ልጆቹን ሚዛን ላይ አውጥቶ፣ ያደጉበትን ሜዳ፣ ያሠለጠናቸውን ሰውና የታገሣቸውን ጊዜ ከሚዛኑ ላይ ማውረድ ነው።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛውን የዋንጫ ወገን፣ ሁለተኛውን የቍጥር ወገን እንበላቸው።

የዋንጫ ወገን የሚባሉት በብዛት ታላላቆቻችን ናቸው። አነጋገራቸው አጭር ነው፤ «የኛ ዘመን ልጅ ዋንጫ አመጣ፤ የናንተስ ምን አመጣ?» ይላሉ። ይህን ሲሉ ክርክሩ ያለቀላቸው ይመስላቸዋል። እኛ ግን ዋንጫውን ከነታሪኩ እንመልከተው እንላለን።

የመጀመሪያው ያፍሪቃ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲደረግ የተጫወቱት አገሮች ሦስት ብቻ ነበሩ። እነርሱም ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ናቸው። ደቡብ አፍሪቃ በዘር ልዩነት ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች፣ ከርሷ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያ አንድ ጨዋታ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም የተገናኙት እነዚሁ ሦስት አገሮች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ፣ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ተብላ ትጠራ የነበረችው ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ፣ በድምሩ አራት ሆኑ። ኢትዮጵያ አስተናጋጅ ስለ ነበረች ማጣሪያ አልተጫወተችም። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ጥር 13 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ደግሞ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሁለት ጨዋታ፣ አንድ ዋንጫ።

ከዚህ በኋላ ዛሬ ያለውን ሁኔታ እንይ። ያፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን 54 አባል ፌዴሬሽኖች አሉት። በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ስትመለስ ለፍጻሜው ውድድር የቀረቡት አገሮች 16 ነበሩ። እዚያ ለመድረስም ቤኒንንና ሱዳንን በደርሶ መልስ ማለፍ አስፈልጓት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ደግሞ አገሮቹ 24 ደርሰው ነበር። እንግዲህ በ1954ቱ ልጅ ፊት የቆመው በርና በዛሬው ልጅ ፊት የቆመው በር አንድ አይደለም።

ሌላም እንጠይቅ። ልጅ የሚመዘነው በዋንጫ ብቻ ከሆነ፣ መንግሥቱ ወርቁ ራሱ ከ1954 በኋላ ስንት ያፍሪቃ ዋንጫ አነሣ? አንድም። እንግዲያው እግሩ ተሰበረ? ኳስ ጠፋችበት? አይደለም። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ላገሩ ጐል ሲያገባ ኖሯል። በዋንጫ ሚዛን ግን የ1954ቱ መንግሥቱ ጀግና፣ ከዚያ ወዲህ ያለው መንግሥቱ ደግሞ ከንቱ ሊሆን ነው። ይህን የሚቀበል ታላቅ ወንድም አለን? ከሌለ፣ በገዛ ጀግናው ላይ የማይሠራ ሚዛን በኛ ላይ እንዴት ይሠራል?

በዚያ ዋንጫ መኩራት መልካም ነው። ነገር ግን ከ1954 ወዲህ ያፍሪቃን ዋንጫ አንሥተን አናውቅም። እንግዲህ በዋንጫው ስም የዛሬውን ልጅ መስደብ «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ነው። ላሚቱን እያነሡ ጥጃውን መርገጥ ወተት አያስገኝም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እኩዮች፣ ወደ ቍጥር ወገን እንመለስ። እዚህ ላይ የሚከፋን ጓደኛ ቢኖር ይከፋ፤ እውነቱ ግን ይነገር።

የቍጥር ወገን እንዲህ ይላል፤ «አራት አገር ተሰብስቦ የተጫወተው ምን ዋንጫ ነው? የኛው ልጅ 29 ጐል አግብቷል፤ ክብረ ወሰኑ ይናገር!» ይህን የሚለው ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ቍጥሩን ያሳያል። ስልኩ የማያሳየውን ግን አይጠይቅም።

በ1954 የተሸነፈችው ግብፅ ማን ነበረች? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ያነሣች፣ ኢትዮጵያንም በ1949 እና በ1951 ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የቀጣች ቡድን ነበረች። ከሁለተኛው ሽንፈት እስከ ድሉ ድረስ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በፍጻሜው ቀን የኢትዮጵያ ልጆች ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆነዋል። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ያን ጊዜ የደከመው ልጅ ወጥቶ ትኩስ ጕልበት ያለው አይተካም ነበር። በዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ ማስገባት የተፈቀደው በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ነው። ሕጉ ሌላ፣ ኳሱ ሌላ፣ ጫማው ሌላ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ሌላ ሰዓት የሮጠን ልጅ በመኝታ ቤት አልጋ ላይ ተጋድሞ «ምን ዋንጫ ነው?» ማለት ምን ይባላል?

ቍጥሩም ቢሆን ብቻውን አይናገርም። 29 ትልቅ ቍጥር ነው። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ያስመዘገበውን 24 ጐል አልፎ የሄደ ቍጥር ነው። ይሁን እንጂ በ2013 ሊጉ 13 ክለቦች የተወዳደሩበት ነበር። በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ክለቦች አልነበሩም። ጨዋታዎቹም ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ባንድ ቦታ ተሰብስበው ይደረጉ ነበር። ይህ ሁሉ የአቡበከርን ሥራ አያኮስስም፤ የዋንጫውም ታሪክ የመንግሥቱን ሥራ አያኮስስም። የምንለው ቍጥር ከነወቅቱ ይነበብ ነው። የኳስ ሕግ ራሱ ባለበት አልቆመም። ለምሳሌ ጓደኛው በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይዝ የተከለከለው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አጥቂና ከዚያ በኋላ ያለው አጥቂ ያንድ ሕግ ልጆች አይደሉም።

የቍጥር ወገን ሌላም ጥፋት አለበት፤ ጨካኝ ነው። አቡበከር በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪቃው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። በዚያም ጉዳት ደርሶበት ከሜዳ ራቀ። ጐሉ ሲቆም «ታየ፤ አለቀለት» ያሉት እነማን ናቸው? ትናንት 29 እያሉ ሲቈጥሩ የነበሩት ናቸው። ቍጥር ያነገሠውን ልጅ ቍጥር ያወርደዋል። ጕልበቱ ስንት ጊዜ እንደ ተመታ፣ ማን እንዳከመው፣ ማን እንደ ታገሠው የሚቈጥር የለም።

እንግዲህ ዋንጫም ቍጥርም ብቻቸውን ካልመዘኑ፣ ሚዛኑ ምንድር ነው?

እኛ ባደግንበት በአዊ ፈረስ የተከበረ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ በዓሉም በያመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ውርንጭላ ሲገመግም ዝም ብሎ «ከአያቱ ይብሳል» ወይም «ከአያቱ ይበልጣል» አይልም። ማን ገራው፣ ምን በላ፣ በምን ሜዳ ሮጠ፣ የተቀመጠበትስ ማን ነበር ብሎ ይጠይቃል። ለፈረስ የምናደርገውን ፍርድ ለሰው ልጅ መንፈግ አይገባም። ስለዚህ የሁለት ዘመን ወጣቶችን የሚያወዳድር ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ እንላለን። አንደኛ፣ ከፊቱ ምን ቆሞ ነበር? ሁለተኛ፣ ከኋላው ምን ቆሞ ነበር? ሦስተኛ፣ ሲወድቅ ስንት ጊዜ ጠበቁት?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ከላይ መልሰናል። ሁለተኛው የሚያሳፍረን ነው፤ የሚያሳፍረውም ልጆቹን አይደለም።

ከ1954ቱ ልጆች ኋላ የገዛ አገራቸው እስታዲዮምና የገዛ ሕዝባቸው ጩኸት ነበር። ከአሥመራ የመጡት እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና ከአዲስ አበባ የተመረጡት እነ መንግሥቱ ባንድ መለያ ቆሙ። ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም እንዲያው የተሾሙ ሰው አልነበሩም። ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ያፍሪቃን ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው፣ እንዲህ ያለ ሜዳ ከኋላ ቆሞ ነው ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የተሸነፈው ቡድን ዋንጫ ያነሣው።

ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ልጆች እንደ ገና ከግብፅ ጋር ተገናኙ። ጨዋታው ያፍሪቃ ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ ኢትዮጵያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ባለ ሜዳዋም ኢትዮጵያ ነበረች። ግን ጨዋታው የተደረገው የት ነው? በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ! የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ የሚያሟላ እስታዲዮም ባገራችን ስላልተገኘ፣ ልጆቻችን የቤታቸውን ጨዋታ በሰው አገር ተጫወቱ። ያባቶቻቸውን ባላጋራ ያለ ሜዳና ያለ ሕዝብ አሸነፉ።

አሁን የዋንጫ ወገን ይመልስልን። የ1954ቱ ልጅ ግብፅን ሲያሸንፍ እናንተ ወይም አባቶቻችሁ ሜዳ ሰጥታችሁት ነበር። የ2014ቱ ልጅ ግብፅን ሲያሸንፍ ምን ሰጣችሁት? «ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውም ይኸው» የሚል ተረት ነበረን። ዛሬ ፈረሱ ይኸው ቆሟል፤ ሜዳው ግን የለም። ሜዳ የሌለውን ፈረስ «አትሮጥም» ብሎ መክሰስ ፍርድ አይባልም።

እዚህ ላይ የምንሰማው መልስ አለ። «ጐበዝ ልጅ በድንጋይም ላይ ይበቅላል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አላሸነፈምን?» ይሉናል። አዎን፤ አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ነገር ግን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያው አበበ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። መንገዱና አየሩ ሌላ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ባዶ እግርን የሚያወድሱት ሰዎች ስለ ቶኪዮው ጫማ ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም። በሮምም ቢሆን አበበ ከኋላው ክቡር ዘበኛ፣ ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን፣ የልምምድም ጊዜ ነበሩት። ባዶ የነበረው እግሩ እንጂ ኋላው አልነበረም። በድንጋይ ላይ በቀለ የምትሉትን አንዱን ስሙን ታውቃላችሁ፤ በድንጋዩ ላይ የደረቁትን ግን ስማቸውን አታውቁም። የናንተም ሆነ የኛ ሒሳብ የሚጐድለው በነዚህ ነው።

ስማቸው ከማይታወቀው ጥቂቶቹን እኛ እናውቃለን። አዘና ላይ ልጅ ኳስ የሚጀምረው አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ በገመድ አስሮ ነው። ጫማው ኮንጎ ነው፤ ኮንጎውም ለትምህርት ቤት እንዳይቀደድ ብዙ ጊዜ የጐል አግዳሚ ሆኖ ይቀመጣል። ሜዳው የከብት መዋያ ነው፤ ክረምት ሲገባም ከብቱም ልጁም የማይረግጠው ጭቃ ይሆናል። ይህ ልጅ ዛሬ ስንት ጐል እንዳገባ የሚጽፍለት የለም። ገና በዐሥራ አራት ዓመቱ አያቱ ከመንግሥቱ፣ ወንድሙ ከአቡበከር፣ ስልክ ያለው ጓደኛው ከሜሲ ጋር ያወዳድሩታል። በሦስቱም ሚዛን ይቀላል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ዱቄቱን ማን ሰጠው? ውሃውንስ ማን ቀዳለት? ሦስተኛው ጥያቄያችን ይህን ልጅ ይመለከታል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ አንድ ጊዜ ሳይሳካለት ሲቀር «ዕድሜው አለፈ» ይሉታል፤ የሚጠብቀው የለም።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ነገሩ ወደ እናንተም ይመጣል። «የድሮ ስምንተኛ ክፍል ካሁኑ ዲግሪ ይበልጣል» የሚለውን አባባል በክፍል ውስጥ የማንሰማበት ወር የለም። ይህ ያው የዋንጫ ወገን ሚዛን ነው። የድሮው ስምንተኛ ክፍል ጥቂት ሰው የሚያልፍበት ጠባብ በር ነበር። በሩ ውስጥ ለገባው ግን መጽሐፍም መምህርም ነበረው። ዛሬ በሩ ሰፍቷል፤ ከአዘናም እኛን የመሰለ ብዙ ልጅ ገብቷል። ግን አንዱን መጽሐፍ ስንቱ ተማሪ ይካፈለዋል? ዕውቀታችን ጐድሎ ከሆነ ጕድለቱን አሳዩን፤ እንሰማለን። ስናወዳድር ግን ልጁን ከልጁ ብቻ ሳይሆን፣ ለልጁ የተሰጠውን ለልጁ ከተሰጠው ጋር እናወዳድር።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

የተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ክፍል በግቢያችን የሚደረገውን እያንዳንዱን ግጥሚያ ይመዝግብ። የተጫዋቹ ስምና ዕድሜ፣ የተጋጣሚው ማንነት፣ የሜዳው ሁኔታ፣ የደረሰው ጉዳት ይጻፍ። ነገ ስለኛ ዘመን የሚከራከሩት ልጆች በአፈ ታሪክ እንዳይመቱ ከዛሬ እንጀምር።

ለዕረፍት ወደ አዘና፣ ወደ እንጅባራ፣ ወደ ዳንግላ የምንሄድ ተማሪዎች በየቀያችን ያሉትን ታዳጊዎች በዕድሜ መድበን እናጫውት። ዳኛ እንሁን፤ ኳስ እንግዛ፤ የተሸነፈውን ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ገና እንጥራ። ገንዘቡ ለአንድ ተማሪ ብዙ ነው፤ ለዐሥር ተማሪ ግን ትንሽ ነው።

በየከተማው መሬት የሚመሩት ሰዎች የልጆችን መጫወቻ በካርታ ይከልሉ። የተከለለውንም ለግንባታ አይቍረሱት። ሜዳውን የሚሸጥ ሰው ኋላ «ዋንጫ የት አለ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ የለውም።

ከመንግሥቱና ከአቡበከር ማን ይበልጣል ለሚለን መልሳችን ይኸው ነው። ሁለቱም በተሰጣቸው ሜዳ የሚቻለውን ሠርተዋል። ያልሠራው ሜዳ ሰጪው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በክርክሩ ውስጥ ስሙ እየተጠራ ይጠየቅ!